የለመደው ማን ነው?

የሆድ ትል መድኃኒት አልሠራ ሲለን «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» እንላለን። የሚላመደው ግን ትሉ ነው።

ዳንግላ ገበያ ተገዝቶ የመጣ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል የሚባል የትል ኪኒን ለሁለት በግ ሲገመስ አስቡ (እኔም ገምሼ አውቃለሁ)። መድኃኒቱ ትሉ ውስጥ ቱቡሊን የሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ያስርበዋል። የጥቂት ትሎች ፕሮቲን ግን በተፈጥሮ ትንሽ ለየት ስለሚል መድኃኒቱ በደንብ አይዘውም። መጠኑ ሲያንስ ደግሞ በከፊል የሚቋቋሙትም ይተርፋሉ። እንቁላላቸው በበጠጥ ወጥቶ ግጦሹ ላይ ይበተናል። የሚቀጥለው ትውልድ የእነሱ ነው።

በበግ ላይ ይሄ በብዙ አገር የተረጋገጠ ነው። በሰው ላይ ግን አትቸኩሉ። ኪኒን ውጦ ከወራት በኋላ ወስፋት የተመለሰበት ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባልታጠበ እጅ እንደ አዲስ ተይዞ ነው።