በቱቦ ውስጥ የአየር ፍሰትን ማስላት፦ ለጫፎቹ ምን እንስጥ?

የጅማ ዝናብ መቼም ይታወቃል። ፀሐይ እምቢ ባለች ሰሞን የታጠበ ቡና አልጋ ላይ ተሰጥቶ አይደርቅም። ያኔ ሙቅ አየር በቱቦ የሚነፋ ማድረቂያ ይታሰባል። ቆርቆሮ ከመቆረጡ በፊት አየሩ በቱቦው ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ይሰላል፤ ሲሙሌሽን የሚባለው ይህ ነው።

ሶፍትዌሩ ከቱቦው ውጭ ያለውን ዓለም አያውቅም። እሱን የምንነግረው እኛ ነን። መግቢያው፣ መውጫውና ግድግዳው ላይ የምንሰጠው መረጃ የድንበር ሁኔታ ይባላል።

ግድግዳው አያስቸግርም። አየር ግድግዳው ላይ አይንሸራተትም፣ ፍጥነቱ እዚያ ዜሮ ነው።

ራስ ምታቱ ጫፎቹ ላይ ነው። የተለመደው መግቢያው ላይ ፍጥነት፣ መውጫው ላይ ግፊት መስጠት ነው። ጀማሪ ግን በሁለቱም ጫፍ ፍጥነት ይሞላል። የገባውና የወጣው አየር እኩል ካልሆነ ስሌቱ መልስ የለውም። እኩል ቢሆንም ግፊቱን የሚያስር ነገር የለም። በሁለቱም ጫፍ ግፊት መስጠት ይቻላል፤ ስሌቱ ቢንቀራፈፍም የሚፈለገው የአየሩ መጠን ከሆነ ትክክለኛው እሱ ነው። ልታውቁት የፈለጋችሁትን ቁጥር ራሳችሁ ከሰጣችሁት፣ ሶፍትዌሩ መልሶ ያነብላችኋል እንጂ አያሰላም። ፋን ካለ ደግሞ ፍጥነቱ ቋሚ አይደለም፤ መንገዱ ሲጠብበት የሚነፋው አየር ይቀንሳል።

አሁን ወደ ጅማ አየር። ብዙ ሶፍትዌር ሳይነገረው የሚወስደው የባሕር ጠለል አየርን ነው፦ ግፊቱ 101,325 ፓስካል፣ የአንድ ኪዩቢክ ሜትር ክብደት 1.225 ኪሎ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ግፊቱ ወደ 82,000 ፓስካል ይወርዳል፤ በ20 ዲግሪ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 0.97 ኪሎ ያህል ነው። መግቢያው ላይ አየሩን በኪሎ ሰጥቶ ይህን የረሳ ሰው ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ያህል አንሶ ይወጣለታል።

ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ለስላሳ ቱቦ እንውሰድ። አየሩ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ፣ ማለትም ፍሰቱ የረጋ ይሁን የሚናወጥ የሚለየው ቁጥር፣ 27,000 አካባቢ ይሆናል፤ ፍሰቱ መናወጥ ከሚጀምርበት ከ2,300 በጣም ይርቃል። ስለዚህ መግቢያው ላይ የመናወጡ መጠንም ይሰጣል፤ ከአማካይ ፍጥነቱ ከ4 እስከ 5 በመቶ ይበቃል። በቱቦው ርዝመት የሚጠፋው ግፊት ግን 9 ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ከ82,000 አንፃር ምንም ማለት ስላልሆነ አየሩ ይታመቃል ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

መውጫው ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) አጠገብ ከተቆረጠስ? የሚጤስ ዕጣን ወደ እንዲህ ያለ ቱቦ አፍ ብታስጠጉ፣ ጭሱ በአንዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲመለስ ልታዩ ትችላላችሁ። ስሌቱም እዚያ ይረበሻል። መፍትሔው ከጎሚቶው በኋላ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት 10 እጥፍ፣ እዚህ 1 ሜትር፣ ቀጥ ያለ ቱቦ መጨመር ነው። ያም ሆኖ የሚመለስ አየር ካለ የሚሰጠው ሙቀት የደጁ ነው፣ የማድረቂያው አይደለም።