«የሚጫወት ውሻ ቤት አይጠብቅም»፦ ስለ አጂሊቲ ስልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶች

በአዲስ አበባ ጠባብ ግቢዎች ብዙ ውሾች ቀኑን በሰንሰለት ታስረው ይውላሉ። አጂሊቲ ማለት ውሻው በባለቤቱ ድምፅና እጅ እየተመራ መሰናክል የሚዘልበት፣ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍበት፣ በተተከሉ ዘንጎች መሃል እየተጠማዘዘ የሚሮጥበት ስልጠና ነው። ለእነዚህ ውሾች ይጠቅማል ስል የማገኛቸው መልሶች ሁሌም እነዚህ ናቸው።

«ውሻ ከተጫወተ ቤት አይጠብቅም።» አብዝቼ የምሰማው ይህን ነው፤ ውሻን አብዝቶ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ሁልጊዜ የታሰረ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት ያጣል፣ ይጨነቃል፤ ለቆራሌውም፣ ለጎረቤት ልጅም፣ ለድመትም እኩል ይጮሃል። ጩኸቱ ሳይቋረጥ ሲቀር የቤቱ ሰው መስማቱን ይተዋል፤ ሌባ የመጣ ዕለትም ከሌላው ቀን አይለየውም። ግቢን መጠበቅ በውሻ ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ እንጨት በመዝለል አይጠፋም። ስልጠናው የሚጨምርለት ማዳመጥን ነው፦ «ና» ሲባል መምጣት፣ «ቁም» ሲባል መቆም፣ «በቃ» ሲባል መተው። እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሳለ የዚህ ጥቅም ይታያል።

«የፈረንጅ ቅንጦት ነው።» መነሻው እንግሊዝ መሆኑ እውነት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በተካሄደው ክራፍትስ የተባለ የውሻ ትርዒት ላይ፣ ከፈረስ ዝላይ ውድድር ተወስዶ ለተመልካች መዝናኛ ቀረበ። ስፖርቱ ግን ዘር አይመርጥም። ቀጠን ያለው የሐበሻ ውሻ ለዝላይም ለመጠማዘዝም ምቹ ነው። ዕቃውም ከግቢ አይጠፋም፤ በሁለት የለስላሳ ሳጥኖች ላይ የተጋደመ የመጥረጊያ እንጨት መሰናክል ይሆናል፣ አሸዋ በተሞሉ ጄሪካኖች ላይ የቆሙ ዘንጎች 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ይደረደራሉ። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መሬቱ ላይ ነው። ሴራሚክና በክረምት የረጠበ ኮብልስቶን ያንሸራትታሉ፤ ሣር ወይም አፈር ይሻላል።

«ካልተመታ አይማርም።» የተመታ ውሻ የሚማረው መፍራትን ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይሸሻል ወይም ይነክሳል። በትክክል እንደሠራ ወዲያው ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ መስጠት ይበቃል። ከወጥ የወጣ ሥጋ ግን አይሆንም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ጠግቦ እንደበላም አታስሩጡት፤ በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ደረተ ጥልቅ ውሾች ሆዳቸው ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ይህም ይገድላል።

«ለባለቤቱ ምን ይጠቅመዋል?» አብሮ ይሮጣላ! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቀኑን ቢሮና ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ውሻው ጥሩ ምክንያት ይሆነዋል። ልጆችም አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ ቢሳተፉ ውሻ ሲፈራና ሲቆጣ ምን እንደሚያሳይ ይለያሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ አስቀድሞ ካልተሰጠ ግን ስልጠናው አይጀመር።

«ቡችላ እያለ መዝለል ካልለመደ አይሆንም።» እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የቡችላ አጥንት ዕድገቱን ሳይጨርስ ከፍታ መዝለል መገጣጠሚያውን ይጎዳል፤ ዓለም አቀፉ የውሻ ማኅበራት ፌዴሬሽንም ከ18 ወር በታች ያለን ውሻ አያወዳድርም። እስከዚያ እንጨቱን መሬት ላይ አጋድሞ ማሻገር ይቻላል። ያረጀ ውሻም እንጨቱ መሬት ላይ እንደተጋደመ ይማራል፤ ካነከሰ ወይም ቶሎ ካለከለከ አቁማችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።