ከሽንኩርት ማሳ እስከ ሰው ሳንባ፦ ዕፅዋትንም ሕሙማንንም ስለሚያጠቁ ባክቴሪያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1950 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ። ዋልተር በርክሆልደር የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ስለ አንድ የሽንኩርት ችግር ጻፈ። በኒውዮርክ ግዛት የሽንኩርቱ የላይኛው ንጣፍ ይረጥባል፣ ይልፈሰፈሳል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ጥፋተኛው አንድ ባክቴሪያ ነበር። ሰውየው ስም ሲያወጣለት ከሽንኩርት የላቲን መጠሪያ ተነሥቶ "ሴፓሲያ" አለው።

ሠላሳ ዓመት ግድም አለፈ። ያው የሽንኩርት አበስባሽ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ያለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ይህ ሕመም በዘር የሚወረስ ነው፤ ሳንባን በወፍራም አክታ ይሞላል። ባክቴሪያው አንዳንዶቹን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገደላቸው። ዛሬ ስሙ በርክሆልደሪያ ሴፓሲያ ነው፤ የሽንኩርቱን ሐኪም ስም ተሸክሞ ሆስፒታል ለሆስፒታል ይዞራል።

ይህን ታሪክ ለሰው ሳወራ ሁለት ዓይነት መልስ አገኛለሁ። አንዱ "አይ፣ የተክል በሽታ ሰውን አይዝም" ይለኛል። ሌላው ደንግጦ "ታዲያ ሽንኩርት ልተው?" ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

"የዕፅዋት በሽታ ለዕፅዋት፣ የሰው በሽታ ለሰው"

በአብዛኛው እውነት ነው። ለምሳሌ ዛይሌላ ፋስቲዲዮሳ የሚባለው ባክቴሪያ ብርቱካንን፣ ወይንንና ወይራን ያጠቃል፤ ሰውን ግን አይነካም። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች ጂኖሙን፣ ማለትም የዘር መረጃውን በሙሉ፣ አንብበው በ2000 ሲያወጡት ዕፅዋትን ከሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ።

ግን "በአብዛኛው" ማለት "ሁልጊዜ" ማለት አይደለም። በ1995 በቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባለውን ባክቴሪያ ወሰዱ። የተጠቀሙበት ዝርያ ፒኤ14 ይባላል፤ የተገኘው እሳት ካቃጠለው ሕመምተኛ ነው። ይህንኑ አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ ተክል ቅጠል ውስጥ ወጉት። ቅጠሉ በሰበሰ። የተቃጠለ ቆዳ ላላቸው አይጦች ሰጡት። አይጦቹ ሞቱ።

እስከዚህ ድረስ "በአጋጣሚ ሁለቱንም ቻለ" ሊባል ይችላል። ዋናው ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። ከባክቴሪያው ሦስት ዘረ-መሎችን አንድ በአንድ አበላሹ። አንዱ ዘረ-መል የሕዋስን የስብ ሽፋን የሚበላ ኢንዛይም ያመርታል። ሁለተኛው ሕዋስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያደርግ መርዝ ያመርታል። ሦስተኛው እንደ አለቃ ነው፤ ሌሎቹን መሣሪያዎች መቼ አውጡ መቼ አስቀምጡ የሚል። እያንዳንዱ ሲበላሽ ባክቴሪያው በቅጠሉም በአይጡም ላይ ደከመ።

ሲያስቡት ብዙም አይገርምም። ቅጠልም ቆዳም ከሕዋስ ነው የተሠሩት። ሁለቱም ሕዋሶች የስብ ሽፋን አላቸው፤ ሁለቱም ፕሮቲን ካልሠሩ ይሞታሉ። "ዕፅዋት" እና "እንስሳት" ብለን ሁለት ክፍል ያበጀነው እኛ ነን፤ ባክቴሪያው በዚያ ትምህርት ቤት አልተማረም።

"እንግዲያው የበሰበሰ ሽንኩርት መንካት አደገኛ ነው"

አይደለም። ጤነኛ ሰው እነዚህን ባክቴሪያዎች በየቀኑ ይነካል፣ ከጥሬ አትክልት ጋርም ይበላል። ቆዳው፣ የሆድ አሲዱና ነጭ የደም ሕዋሶቹ ሥራቸውን ይሠራሉ። ችግር የሚመጣው በሩ ሲከፈት ነው፤ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ራሱ ነው። የሽንት ቱቦ፣ የመተንፈሻ ማሽን፣ የደም ሥር መርፌ፣ በካንሰር መድኃኒት የተዳከመ ሰውነት።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ምሳሌ በ1970 እና 71 አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነው። በየሆስፒታሉ ግሉኮስ የተሰጣቸው ሰዎች ደማቸው በባክቴሪያ ይመረዝ ጀመር። ጉዳዩ ሲጠራ በ25 ሆስፒታሎች 378 ሕሙማን ተለዩ። ከባክቴሪያዎቹ አንዱ ዛሬ ፓንቶያ አግሎሜራንስ የምንለው ነው። በቅጠልና በዘር ላይ የሚኖር፣ ያኔ ከዕፅዋት አበስባሾች ጋር ይመደብ የነበረ ባክቴሪያ። የት ነበር ያሉ እንደሆነ፣ በጠርሙሱ ክዳን ውስጥ። ክዳኑ ሲከፈት ወደ ግሉኮሱ ይገባል፤ በክፍል ሙቀት ይራባል፤ ከዚያ በቱቦው ቀጥታ ወደ ደም ሥር። ባክቴሪያው ሰው ፍለጋ አልሄደም። መንገዱን የጠረግንለት እኛ ነን።

ይኸው ፓንቶያ በእሾህ የተወጋ ልጅ ጉልበት ውስጥ ገብቶ መገጣጠሚያውን ሲያሳብጥም ይታወቃል። ይህም ያው ነው፤ በር ተከፈተ፣ ገባ።

በርክሆልደሪያ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አሳፋሪው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፀረ-ተሕዋስያን ተብሎ የታሸገ ፈሳሽ ውስጥ መሆኑ ነው። የአፍ መጉመጥመጫ፣ የእጅና የቆዳ ማጽጃ፣ እርጥብ መጥረጊያ። ባክቴሪያ ይገድላል ብለን የገዛነው ዕቃ ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል። ስለዚህ ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራ ሰው ከሽንኩርት ይልቅ የእጅ መታጠቢያውን ገንዳ ፍሳሽና የተበረዘውን ማጽጃ ቢጠራጠር ይሻለዋል።

"የማሳው ዝርያ ሌላ፣ የሆስፒታሉ ዝርያ ሌላ ነው፤ ጂኖም ሲነበብ ይለያል"

ይህ ተስፋ ነበር። ብዙ ገንዘብም የሚያያዝበት ነው። ምክንያቱም ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ለገበሬ ይጠቅማሉ። ፓንቶያ አፕልና ፒርን የሚያደርቀውን በሽታ ለመከላከል አበባ ላይ ይረጫል። በርክሆልደሪያም ሥር አበስባሽ ፈንገሶችን ያባርራል፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ተመዝግቦ ነበር። "የእኛ የማሳ ዝርያ ነው፣ የታማሚው አይደለም" ማለት ቢቻል ነገሩ ባለቀ።

ግን አልተቻለም። በ2002 አንድ የአሜሪካ ቡድን ከሽንኩርት ማሳ አፈር ባክቴሪያ ለቀመ። ከሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሕሙማን ሳንባ ሲገኝ ከቆየ አንድ ተዛማች ዝርያ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። የፓንቶያም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። የተክሉንና የታካሚውን ናሙናዎች ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩ "ይህ የሰው፣ ይህ የተክል" የሚያሰኝ ግልጽ መስመር ጠፋ። እግረ መንገዳቸውንም ሌላ ጉድ አወጡ። በየሆስፒታሉ መዝገብ "አግሎሜራንስ" ተብለው ከተጻፉት ውስጥ ስንቶቹ ጭራሽ ሌላ ዘር ሆነው ተገኙ። ይህ ፓንቶያን ለማሳ ርጭት ለሚያመርቱት በጎ ዜና ነው፤ የባክቴሪያው ስም ከሚገባው በላይ ጠፍቶ ነበርና።

ጂኖም መስመር ያሰመረበት ቦታም አለ። "ሴፓሲያ" አንድ ባክቴሪያ ሳይሆን ከ20 በላይ ተቀራራቢ ዘሮች ያሉበት ቤተሰብ መሆኑ ታወቀ። በ2014 ደግሞ ሰፊው የበርክሆልደሪያ ወገን ለሁለት ተከፈለ። በብዛት ከዕፅዋት ጋር በሰላም የሚኖሩት ፓራበርክሆልደሪያ የሚል አዲስ ስም ተሰጣቸው። ጠቃሚ መስመር ነው። ነገር ግን አደገኛው ወገን ውስጥ ያሉት ዛሬም ማሳም ሳንባም ይኖራሉ።

"ገዳይ ዘረ-መሉን ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው"

ጂኖም ማንበብ ሲጀመር ብዙዎቻችን ያሰብነው እንዲህ ነበር። የጠንካራውን ዝርያ አንብብ፣ የደካማውን አንብብ፣ ቀንስ። የተረፈው ገዳዩ ነው።

ሱዶሞናስ ላይ ተሞከረ። ፒኤኦ1 የሚባለው የላቦራቶሪ ዝርያ በ2000 ተነበበ፤ 6.3 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። ፒኤ14፣ ያ ቅጠሉንም አይጡንም የገደለው፣ በ2006 ተነበበ፤ ወደ 6.5 ሚሊዮን። ትርፍ ፊደላቱ ውስጥ ሁለት የበሽታ መሣሪያ የታጨቀባቸው ትልልቅ ክፍሎች ነበሩ። ተገኘ! አሉ። ከዚያ ሌሎች ዝርያዎችን አመጡና በጥቃቅን ትሎች ላይ ፈተኗቸው። እነዚያ ዘረ-መሎች እያሏቸው ትሉን መግደል ያቃታቸው ነበሩ። ሳይኖራቸው ደህና አድርገው የሚገድሉም ነበሩ። ኃይሉ ያለው በቅንብሩ ነው። አንድ ቅመም ወጥ አያደርግም።

የጂኖሙ ስፋት ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ኤድንብራ ውስጥ ከአንድ ታካሚ የተገኘው የበርክሆልደሪያ ዝርያ በ2009 ሙሉ ንባቡ ሲወጣ ወደ 8 ሚሊዮን ፊደል ሆነ። ያውም በሦስት ክሮሞሶም ተከፋፍሎ። የተለመደው የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሻንጣ ለሳንባ ተብሎ የተሸከፈ አይደለም። አፈር ውስጥ ለመኖር ነው። አፈር ውስጥ ያገኙትን መብላት ያስፈልጋል። ጎረቤት የሚረጨውን መርዝ መቋቋም፣ ድርቁን ማለፍ፣ ባክቴሪያ ከሚበላው ከአሜባ አፍ ማምለጥም አለ። ያ ሁሉ የተያዘለት ተጓዥ ሳንባ ውስጥ ሲወድቅ ዕቃው በቀላሉ ያገለግለዋል። ለእሱ የሰው በሽታ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው።

"መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን የፈጠረው ሆስፒታል ነው"

ሆስፒታል አበዛቸው። አልፈጠራቸውም። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 30,000 ዓመት ከቆየ የሰሜን አሜሪካ የበረዶ አፈር ዲኤንኤ አወጣ። ቴትራሳይክሊንንና ፔኒሲሊን መሰል መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ዘረ-መሎች እዚያ ተኝተው ተገኙ። ያኔ ሐኪም ቤት የለም። መድኃኒቶቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከአፈር ተሕዋስያን የተወሰዱ ናቸው፤ ስትሬፕቶማይሲን በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው።

ስትሬፕቶማይሲን ወደ ፍራፍሬ እርሻም ገብቷል። አፕልና ፒር ላይ ለአሥርት ዓመታት ሲረጭ ቆይቷል። የአፕሉ በሽታ አምጪም ተላመደው። መድኃኒቱን የሚያመክኑትን ጥንድ ዘረ-መሎች ሲያነቧቸው ከሰው በተገኙ ባክቴሪያዎች ውስጥ ከሚታወቁት ጋር ያው ሆኑ። ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚዘዋወሩ የዲኤንኤ ቁራጮች ላይ ተሳፍረው ነው የሚሄዱት። ከማሳ ወደ ሆስፒታል ይሁን ከሆስፒታል ወደ ማሳ፣ ንባቡ ብቻውን አቅጣጫውን አይናገርም።

"ጂኖሙ ከተነበበ ማን ከማን እንደያዘው ይታወቃል"

ግማሽ እውነት። በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል ክሌብሲየላ የሚባል መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ 18 ሕሙማንን ያዘ። የመጀመሪያዋ ታካሚ በሐምሌ ከሆስፒታል ወጥታለች። ሁለተኛው የታየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰው ሁሉ "አይገናኙም" ለማለት ዳድቶት ነበር። ጂኖሙ ግን አንድ ናቸው አለ። ከእሷ ተነሥቶ በድብቅ ሲዛመት ቆይቷል ማለት ነው።

ገደቡ ግን ፍጥነት ነው። በርክሆልደሪያ ዶሎሳ በሚባለው ዘር ላይ የተሠራ ጥናት ከ14 ሕሙማን በ16 ዓመት የተሰበሰቡ 112 ናሙናዎችን አንብቧል። ባክቴሪያው በዓመት የሚቀይረው ሁለት ያህል ፊደል ብቻ ነው። እንግዲህ ሁለት ሕሙማን በአንድ ሳምንት ቢያዙ ባክቴሪያዎቻቸው በአንዲት ፊደል እንኳ ላይለያዩ ይችላሉ። ያኔ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ድሮው ዘዴ መመለስ ነው። የትኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር? ማን አከመው? በየትኛው ቀን?

"የሰውን በሽታ በተክል ማጥናት ቀልድ ነው"

ይሄኛውን ከሐኪሞች ጭምር ሰምቻለሁ። ግን አልፋልፋ የሚባለው የከብት መኖ ተክል ቡቃያ ለዚህ ሥራ ዋለ። ቅጠሉን በመርፌ ጫር ያደርጉና ከሳንባ የተገኘውን በርክሆልደሪያ ጠብ ያደርጉበታል። ከዚያ ምን ያህል ቡቃያ እንደታመመ ይቆጥራሉ። አንድ ዘረ-መል ሲበላሽ ጉልበቱ መቀነስ አለመቀነሱን በዚህ መለየት ይቻላል። በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎችን በአንድ ዙር ለማጣራት ከአይጥ ይልቅ ቡቃያ ይረክሳል፤ ማንንም አያሳዝንም። ሌሎች ደግሞ ወደ በርክሆልደር ሥራ ይመለሳሉ። የሽንኩርት ንጣፍ ይቆርጣሉ፣ ከታካሚ አክታ የወጣውን ባክቴሪያ ይቀቡበታል፣ ለጥቂት ቀናት ሙቅ ቦታ ያስቀምጡታል። ብዙ ጊዜ ሲከፍቱት ንጣፉ ተልፈስፍሶ ያገኙታል።