ስለ «ቶክሲሲቲ» አልበም የሚነገሩ ስሕተቶችና እውነታው

የሮክ ባንዱ ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን አልበም «ቶክሲሲቲ» በድሮፕ ዲ፣ ማለትም ወፍራሙን የጊታር ክር ብቻ ወደ ዲ በሚያወርደው ቅኝት፣ የተቀዳ አልበም አይደለም። ይህ ስንቴ ተነግሮ ስንቴ እንደተረሳ! ጀማሪዎች የሚማሩባቸው ቪዲዮዎች ዛሬም ስድስተኛውን (ወፍራሙን) ክር ወደ ዲ ብቻ አውርደው «ይኸው የሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን ድምፅ» ይላሉ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ አልበም በአብዛኛው የተጫወተው በድሮፕ ሲ ነው፤ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ዲ። ስድስተኛው ክር ከመደበኛው ቅኝት አራት ግማሽ ቶን ይወርዳል፣ የቀሩት አምስቱ ደግሞ ሁለት ሁለት።

ስሕተቱ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱም ቅኝቶች ጣት የሚያርፍበት ቦታ አንድ ነው፤ ሦስቱን ወፍራም ክሮች በአንድ ጣት ጋደም አድርጎ መጫን ፓወር ኮርድ የሚባለውን የከባድ ሮክ ኮርድ ይሰጣል። ስለዚህ ለብቻው የሚጫወት ሰው ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። ቀረጻውን ከፍቶ አብሮ ሲጫወት ግን አንድ ሙሉ ቶን ከፍ ብሎ ራሱን ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱን በጊታሩ ያላክካል።

«ያለውን ክር ማላላት ይበቃል» የሚለውም የዚሁ ስሕተት ታናሽ ወንድም ነው። ከ10 እስከ 46 የሚባለው (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት በኢንች ሺህኛ ነው) የተለመደ የክር ስብስብ ላይ ስድስተኛው ወደ ሲ ሲወርድ ከውጥረቱ 37 በመቶ ያህል ያጣል፣ ሌሎቹ ደግሞ 20 በመቶ ያህል። ክሩ ይልፈሰፈሳል። በፒክ (በመምቻው) ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ድምፁ መጀመሪያ ወደ ላይ ይዘልና ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ቱነሩ (የቅኝት መለኪያው) ትክክል ነው እያለ ኮርዱ ያልተቃኘ የሚመስለው ለዚህ ነው። የቀድሞውን ውጥረት ለመመለስ ስድስተኛው 56 ወይም 58፣ የመጀመሪያው 11 መሆን አለበት።

ወፍራም ክር ገጥሞ መተውም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ነት (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት ቁራጭ) ላይ ያለው ቦይ ለ46 የተቆረጠ ነውና 56ቱ ይቀረቀርበታል፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ክሩ አይንቀሳቀስም፣ ከዚያ ድንገት «ጣ!» ብሎ ያልፋል፣ ቅኝቱም አይረጋም። ቦዩን በልኩ ሞረድ ማስፋት ነው፤ ወደ ታች ግን አይጠልቅም፣ ከጠለቀ ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) እየነካ ይንጫጫል። ቀጥሎ የአንገቱን ጉብጠት ማየት፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩ ሳይጫን ነካ ብቻ ሲደረግ የሚወጣውን ድምፅ) ከተጫነው ድምፅ ጋር ማወዳደር። የተጫነው ከፍ ካለ ሳድሉን (ክሩ በገላው በኩል የሚያርፍበትን ብረት) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል፣ አንገቱ ሲስተካከል የሳድሉ ልክ ይለወጣልና። ተንሳፋፊ ብሪጅ (ሳድሎቹን የያዘ፣ በስፕሪንግ የሚንቀሳቀስ ክፍል) ያለው ጊታር ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ከጀርባው ያሉት ስፕሪንጎች ብሪጁ ከገላው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ መስተካከል አለባቸው፤ አለበለዚያ አንዱን ክር ሲቃኙ ሌላው ይፈታል።

«ድምፁን ከባድ የሚያደርገው ጌይኑ (የአምፕሊፋየሩ የማሻከሪያ መጠን) ነው።» በፍጹም። ዝቅተኛው ሲ 65 ኸርዝ ገደማ ነው። በዚህ ጥልቀት ጌይኑን እስከ ጥግ መክፈት የኮርዱን ሦስት ድምፆች አንድ ላይ ያድበሰብሳቸዋል። ሦስቱ ተለይተው እስኪሰሙ ድረስ ጌይኑን መቀነስ፣ መካከለኛውን ድምፅ ግን አለማጥፋት። ውፍረት ከተፈለገ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ መላክ ነው። አንዱን ቅጂ አባዝቶ በሁለቱም በኩል ማስቀመጥ መሐል ላይ ድምፅ ከመጨመር ያለፈ ለውጥ አያመጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያዳምጠው ነገር አለ፤ እሱም ዝምታው ነው። «ቾፕ ሱይ!» በተባለው የአልበሙ ዘፈን ውስጥ ጊታሩና ድራሙ እኩል ቆርጠው የሚያቆሙባቸው ቅጽበቶች ናቸው ቀጣዩን ምት ከባድ የሚያደርጉት። ይህን የሚሠራው እጅ ነው፤ የቀኙ መዳፍ ብሪጁ አጠገብ፣ የግራው ጣቶች ክሩ ላይ። ኖይዝ ጌት የሚባለው መሣሪያ የአምፕሊፋየሩን ሽሽታ ያጠፋል እንጂ ያልታፈነ ክር አያፍንም።

የቀሩትን ባጭሩ። «ቶክሲሲቲ» የባንዱ የመጀመሪያ አልበም አይደለም፤ በባንዱ ስም የተጠራው በ1998 ወጥቷል። ሙዚቃውን በአብዛኛው የደረሰው ድምፃዊው ሰርጅ ታንኪያን ሳይሆን ጊታሪስቱ ዳሮን ማላኪያን ነው፤ ከሪክ ሩቢን ጋርም በፕሮዲውሰርነት ሠርቷል። የሚክሱ (የተቀዱትን ድምፆች የማዋሐዱ) ሥራ የአንዲ ዋላስ ነው።

«አልበሙ በሽያጭ ቁጥር አንድ የሆነው በሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ሰበብ ነው» ለሚሉ ቀን መቁጠር ይበቃል። አልበሙ የወጣው ሴፕቴምበር 4 ነው። አሜሪካ ውስጥ 220,000 ያህል ቅጂ የተሸጠበት የመጀመሪያው ሳምንት ሂሳብ የተዘጋው ከጥቃቱ በፊት ነበር።

«ቾፕ ሱይ!»ን መንግሥት አላገደውም። ክሊር ቻናል የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ ከጥቃቱ በኋላ ግጥማቸው ያሳስባል ያላቸውን ከ150 በላይ ዘፈኖች ዘርዝሮ ለጣቢያዎቹ ላከ፤ ራስን ማጥፋትን የሚያነሣው ይህ ዘፈንም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ዘፈኑ ራሱ የወጣው በኦገስት ስለሆነ ስለ ጥቃቱ ሊጻፍ አይችልም።

ዘፈኑ ሰይጣናዊ ነው የሚሉትም አሉ። መሐል ላይ የሚሰማው ልመና ከሉቃስ 23፥46 እና ከማቴዎስ 27፥46 የተወሰደ ነው፤ ኢየሱስ በመስቀል ላይ ሳለ የተናገራቸው ቃላት ናቸው። ሩቢን እንደሚናገረው ታንኪያን ለዚያ ክፍል ግጥም አጥቶ ሳለ ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ እንዲያወጣና እንዲገልጥ ነገረው፣ የወጣውም ይኸው ሆነ።

በ2002 የወጣው «ስቲል ዚስ አልበም!» ደግሞ ውዳቂ የተሰበሰበበት አይደለም። ለ«ቶክሲሲቲ» ከ30 በላይ ዘፈኖች ተቀድተው 14ቱ ብቻ ገቡ። የቀሩት ሳያልቁ ኢንተርኔት ላይ ሾልከው ሲወጡ ባንዱ የተጠናቀቁትን ቅጂዎች ራሱ አወጣ፤ ከአልበሙ የቀሩትም በጥራት አንሰው ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ስላልተጣጣሙ ነው።