«የትብብር ደብዳቤ ይዘህ ና» እና ሌሎች የመንግሥት ቢሮ ተረቶች

ከማዘጋጃ ቤት እስከ አራት ኪሎ ባሉት ቢሮዎች ኮሪደር ላይ ሰነድ ለመጠየቅ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው «የትብብር ደብዳቤ ይዘህ ና» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይወጣም። መዝገብ ቤቱም፣ ጸሐፊዋም፣ አንዳንዴ በር ላይ ያለው ጥበቃም ይለዋል። ከእነሱ ይልቅ የሚያናድደው ግን ጠያቂው አምኖ መመለሱ ነው። ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ነጋዴው ወደ ማኅበሩ፣ የሰፈር ኮሚቴው ወደ ወረዳው ደብዳቤ ፍለጋ ይሄዳል። ደብዳቤ የሚጽፍለት የሌለው ቤቱ ይቀመጣል። ቢሮውም አንድ ጠያቂ ቀነሰለት።

ስለዚህ ከዚሁ እንጀምር።

«መረጃ የሚሰጠው ደብዳቤ ላለው ነው»

አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በአንቀጽ 12 መብቱን የሰጠው ለማንኛውም ሰው ነው። ለተቋም ተወካይ ወይም «ከጉዳዩ ጋር አግባብ ላለው» ብሎ አልወሰነውም። የመሥሪያ ቤትዎ ማህተም ያረፈበት ወረቀት መብትዎን አያሰፋውም፤ አለመኖሩም አያጠበውም።

ደብዳቤው ከየት መጣ ቢሉ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለተደባለቁ ነው። ተመራማሪ ሠራተኞችን ሰብስቦ መጠይቅ ለማስሞላት ወይም የሥራ ኃላፊን ቁጭ አድርጎ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ሲፈልግ የሚጠይቀው ትብብር ነው፤ የሠራተኛ ጊዜ ይወስዳልና ቢሮው ደብዳቤ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በመዝገብ ውስጥ ያለ ሰነድ ማየት ወይም ቅጂ መውሰድ ግን ትብብር አይደለም። በሌላ ሰው የግል ማኅደር ላይ ያለ መረጃ ከፈለጉ ደግሞ የሚጠየቁት ውክልና ነው፤ ያ ሕጋዊ ጥያቄ ነው፤ ከትብብር ደብዳቤ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ደብዳቤ ሲጠየቁ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። «ደብዳቤ የሚጠይቀው የትኛው አንቀጽ ነው? በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፍልዎ አይገኝም።

«ጠየቅን፣ ከለከሉን»

ይህ የተሳሳተ እምነት መሆኑን የሚቀበለኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ግን ከሁሉም የባሰው ይኸው ነው። «ከለከሉን» የሚሉትን ሰዎች «ጥያቄያችሁ በስንት ገቢ ቁጥር፣ በየትኛው ቀን ገባ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ዝም ይላሉ። የሆነው ይህ ነው፦ ቢሮ ቁጥር ምናምን ገብተው፣ ቆመው ተናግረው፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ይምጡ» ተብለው፣ ነገም «ሲስተም የለም» ተብለው ተመለሱ። ጥያቄያቸው ስላልተመዘገበ እነዚህ ሰዎች መጠየቃቸውን የሚያሳይ ነገር የላቸውም፤ መከልከላቸውንም እንደዚያው። ይግባኝ የሚባልበት ውሳኔ የለም፤ የሚቆጠር ቀንም የለም።

ሕጉ የቃል ጥያቄንም ይቀበላል፤ በቃል የቀረበውን በጽሑፍ ማስፈር የሕዝብ ግንኙነቱ ሥራ ነው። መጻፍ የሚችል ሰው ግን በዚህ አይመካ። አካሄዱ እንዲህ ነው።

ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አድራሻው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይሁን፤ ዛሬ በር ላይ «ኮሙኒኬሽን» የሚል ሊሆን ይችላል፣ ያው ነው። ከአንድ ገጽ አይለፍ። ለምሳሌ፦

«በአዋጅ ቁጥር 590/2000 አንቀጽ 12 መሠረት፣ በወረዳችን በ2016 በጀት ዓመት ለተሠራው የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን መንገድ ከሥራ ተቋራጩ ጋር የተፈረመው ውል እና የርክክብ ሰነዱ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የቅጂውን ወጪ እሸፍናለሁ። ውሳኔው በጽሑፍ ይገለጽልኝ።»

ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ቀን። አለቀ።

ይዘው የሚሄዱት ወደ መዝገብ ቤት እንጂ ወደ ኃላፊው አይደለም። አንዱን ቅጂ ይሰጣሉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ ከተቻለም ማህተም ያስደርጋሉ። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «መጀመሪያ ኃላፊው ይምሩበት» ትላለች፤ ኃላፊው ደግሞ የሉም። ጥያቄው ሳይመዘገብ አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ያድራል። እንዲህ ካሉ ቸርችል ላይ ያለው ዋናው ፖስታ ቤት ሩቅ አይደለም፤ በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ከቅጂው ጋር በስቴፕለር ያያይዙ። ደብዳቤው መሥሪያ ቤቱ እንደደረሰ ቀኑ መቆጠር ይጀምራል፤ ኃላፊው ኖሩም አልኖሩም።

አዋጁ ለመልስ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን በመሆኑ ቁጠራው ቀላል ነው፦ ጥቅምት 12 የገባ ጥያቄ ኅዳር 12 ላይ ቀነ ገደቡ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ ካስገቡ ጳጉሜን አይርሱ። ሰነዱ ብዙ ሲሆን ወይም ከሌላ ቢሮ ጋር መመካከር ሲያስፈልግ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ መራዘሙንና ምክንያቱን ግን ለጠያቂው ማሳወቅ አለባቸው። ዝም ማለት ማራዘም አይደለም። ጊዜው አልፎ ዝም ካሉ እንደ ክልከላ ይቆጠራል፤ እርስዎም ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሄዳሉ። «ትንሽ እንታገሳቸው» የሚል ምክር ከሰሙ፣ የመከረዎት ሰው ቢሮው ውስጥ ዘመድ ይኖረዋል።

«አቤቱታ ጻፍ»

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች በሙያቸው የተካኑ ናቸው፤ የመረጃ ጥያቄ ግን ሙያቸው አይደለም። ከልጅነት እስከ እውቀት የደረሰውን በደል ዘርዝረው፣ ለእግዚአብሔርና ለመንግሥት ብለው፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ «ሰነዱም ይሰጠኝ» የሚል ሐረግ ጣል ያደርጋሉ። ያ ወረቀት ቀጥታ ወደ ቅሬታ ሰሚ ይመራል። እዚያ ደግሞ የሚመረመረው በደልዎ እንጂ የሰነድ ጥያቄዎ አይደለም።

እንዲሁም «ለምን?» ብለው አይጠይቁ። «መንገዱ ለምን ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስገኝልዎ የኃላፊ ንግግር ነው። መብቱ ያለው መሥሪያ ቤቱ በእጁ በያዘው መረጃ ላይ ነው፤ አዲስ ጥናት እንዲያዘጋጅልዎ ወይም አስተያየት እንዲሰጥዎ አያስገድድም። ስለዚህ በሰነድ ስም ይጠይቁ፦ ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ምስክር ወረቀት፣ የባለሙያ ሪፖርት፣ የርክክብ ሰነድ፣ ካሳ የተሰላበት ቅጽ። «ስለ ፕሮጀክቱ ያለ መረጃ ሁሉ» የሚል ጥያቄም አይጻፍ። ምን እንደተፈለገ ለመለየት አያስችልም ብሎ ለመመለስ በር ይከፍታል፤ ደግሞም እውነቱን ነው።

«ይህ የጋዜጠኛ መብት ነው»

የዚህ ስህተት ሥሩ ይታወቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 3 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ማግኘትን የጠቀሰው የፕሬስ ነፃነትን ሲዘረዝር ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ከእሱ በላይ ያለው ንዑስ አንቀጽ 2 ግን ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ዓይነት መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል።

በዚህ ላይ አንቀጽ 13 የሰብዓዊ መብት ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ይላል። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 34፣ የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 19 በመንግሥት አካላት እጅ ያለ መረጃ ማግኘትን እንደሚያካትት ግልጽ አድርጓል። ስለዚህ «መንግሥት በአዋጅ 590 ፈቀደልን» የሚሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል፤ አዋጁ የመጣው ቀድሞ የነበረውን መብት ማስፈጸሚያ መንገድ ለመዘርጋት ነው።

«አዋጅ 590 ተሽሯል» የተሻረው የመገናኛ ብዙኃን ክፍሉ ነው፤ በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ተተካ። መረጃ የማግኘት ክፍሉ እንዳለ ነው። ይህን ባለማወቅ ጠያቂ የሚመልሱ የሕግ ክፍል ባለሙያዎች መኖራቸው ያሳፍራል።

«የሚመለከተው ሚኒስቴሮችን ነው» ወረዳም፣ ክፍለ ከተማም፣ በመንግሥት ባለቤትነት ያለ ድርጅትም አዋጁ ውስጥ ነው። የመብራቱም የውኃውም ቢሮ ማለት ነው።

«የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ሁሉን ነገር ዘግቷል» በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ ይጠብቃል። የመንገድ ውል የማንም የግል ሕይወት አይደለም።

«ምስጢር የሚል ማህተም አለበት»

ማህተሙ በራሱ ምንም አይወስንም። የሚወስነው ይዘቱ ነው። አዋጁ የማይሰጡ መረጃዎችን ዘርዝሯል፦ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ የመከላከያና የደኅንነት ጉዳይ፣ የካቢኔ ሰነድ፣ በምርመራ ላይ ያለ የወንጀል ጉዳይና የመሳሰሉት። ዝርዝሩ አጭር ባይሆንም ሁለት ገደቦች አሉበት። አንደኛ፣ ሰነዱ ውስጥ የማይሰጥ ክፍል ቢኖር ያ ክፍል ተሸፍኖ የቀረው ይሰጣል። የሥራ ተቋራጩ የአሠራር ምስጢር በጥቁር ተሰርዞ፣ ጠቅላላ ዋጋውና የማስረከቢያ ቀኑ በቅጂው ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ መረጃው መውጣቱ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስከትለው ጉዳት ከበለጠ፣ ክልከላው ይነሣል። ጠያቂዎች ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ሲጽፉት አይታይም። ይጻፉት፤ በይግባኝ ጊዜ ይጠቅማል።

ክልከላ ከመጣ ምክንያቱና የተጠቀሰው አንቀጽ በጽሑፍ ይሁን። «ምስጢር ነው» ብቻ መልስ አይደለም።

«የውስጥ መመሪያ ነው፣ ለሕዝብ አይሰጥም»

ይህኛው የሚያስቅም የሚያበሳጭም ነው። በመመሪያ ተከልክለዋል፤ መመሪያውን አሳዩኝ ሲሉ «የውስጥ ነው» ይባላሉ። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ይህን ጨዋታ ዘግቶታል። የፌዴራል ተቋም ያወጣው መመሪያ በፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ቁጥር ካላገኘና ለሕዝብ ይፋ ካልሆነ አይፈጸምም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁጥሩ ነው። ቁጥር ካለው በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ይፈልጉት። ቁጥር ከሌለው እርስዎን ለማስገደድ የሚያበቃ አይደለም። ኃላፊው ለሥራ ክፍሎች የበተኑት ሰርኩላርም መመሪያ አይደለም፤ ሠራተኛውን ያስገድድ ይሆናል እንጂ የእርስዎን መብት አይቆርጥም። አዋጆችና ደንቦች ደግሞ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ፤ የአዲስ አበባ ከተማ የራሷ በአዲስ ነጋሪት ጋዜጣ። እነዚህን ለማየት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም፤ የታተመ ሕግ ነው።

«ክፍያው ይከብዳል» ሊጠየቁ የሚችሉት እንደ ማባዣ ያለ ወጪ ነው። ያለ ደረሰኝ አይክፈሉ። ወጪውን ካልፈለጉ ሰነዱን እዚያው አይተው ማስታወሻ ይያዙ፤ እሱም መብቱ ውስጥ ነው።

«እምባ ጠባቂ ምን ያደርጋል?»

እምባ ጠባቂ ተቋም ፍርድ ቤት አይደለም፤ ኃላፊ አያስርም። በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 ሲቋቋም ሥራው የአስተዳደር በደልን መመርመር ነበር፤ አዋጅ 590 ደግሞ የመረጃ ነፃነትን አፈጻጸም የመከታተል ኃላፊነት ሰጠው። ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም አያስፈልገውም። ሰዎች ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ቅደም ተከተሉን ስለሚዘሉ ነው። መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ እንደ መጀመሪያው ጥያቄ በሁለት ቅጂና በገቢ ቁጥር፣ ቅሬታ ያስገባሉ። እዚያ ካልተሳካ ወደ እምባ ጠባቂ፤ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት።

ወደ እምባ ጠባቂ ሲሄዱ የሚይዙት እነዚህን ነው፦ ገቢ ቁጥር ያለው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ ለኃላፊው የቀረበው ቅሬታ ቅጂ፣ የተሰጠ መልስ ካለ እሱን፣ ከሌለም የጠየቁበትና 30 ቀኑ ያለፈበት ቀን የተጻፈበት አጭር ማመልከቻ። ዋናዎቹን ለማንም አይስጡ፤ ኮፒ ይስጡ፤ ዋናውን አሳይተው ያመሳክሩ። ማመልከቻው ላይ ለከለከለው መሥሪያ ቤት ግልባጭ ያድርጉና እሱንም በመዝገብ ቤት ያስገቡ። ለወራት ያልተገኘው ፋይል ግልባጩ ሲደርሳቸው የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።