እያወቁ መብላት፦ ፈቃድና ሆድ በፍልስፍና

ጠግበዋል። መጥገብዎንም ያውቃሉ። ትሪው ላይ ግን ወጥ ጠጥታ የራሰች አንዲት የእንጀራ ቁራሽ ቀርታለች። እጅዎ ይሄዳል። «ምን ነካኝ?» የሚሉት ከጎረሱ በኋላ ነው። ግሪኮች ለዚህች ቅጽበት ስም አውጥተውላታል፤ አክራሲያ። የሚበጀውን እያወቁ ተቃራኒውን ማድረግ ማለት ነው።

ሶቅራጥስ እንዲህ ያለ ነገር የለም ባይ ነበር። በፕላቶ «ፕሮታጎራስ» ውስጥ እንደሚከራከረው፣ «ደስታ አሸነፈኝ» የሚል ሰው በእርግጥ የተሳሳተው ሒሳቡን ነው። ቅርብ ያለ ነገር ከሩቁ ገዝፎ ይታያል። የአሁኗ ጉርሻም ከነገው ሕመም ትገዝፋለች። ስለዚህ መድኃኒቱ መለካት መማር ነው። ሐሳቡ ያምራል። ግን ስኳር ያለበት ሰው የደሙን ልኬት በቃሉ ይዞም ለበዓል ኬክ እጁን ይዘረጋል። የጎደለው ዕውቀት አይመስልም።

አሪስቶትል ይህ አልተዋጠለትም። በ«ኒኮማኮስ ሥነ ምግባር» 7ኛ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት በላተኛ ይለያል። አንዱ መብላቱን ልክ ነው ብሎ ይበላል፤ አይጸጸትም። ሌላው ልክ አለመሆኑን እያወቀ ይበላል፤ ይጸጸታልም። የመጀመሪያው መጥፎ ሕግ አውጥታ የምትሠራበት ከተማ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ሕግ እያላት የማትሠራበት። የእኛ «ሆዳም» ሁለቱንም በአንድ ጅራፍ ይገርፋል። ለእኔ ይህ ግፍ ነው።

በሌላው ወገንም ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ምኞቱን ታግሎ የሚያሸንፍ ነው። ይህ ችሎታ በግሪክ ኤንክራቴያ ይባላል፤ በገላትያ መልእክት ላይ በአማርኛ «ራስን መግዛት» ተብሎ የተተረጎመው ቃል ነው። ሁለተኛው ግን ልከኛው ነው፤ መጥፎ ምኞት ስለሌለው ትግልም የለበትም። አሪስቶትል የሚያስበልጠው ይህን ልከኛ ሰው ነው። ጥርስ ነክሶ መቆም ለእሱ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው የግብፅ በረሃ መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ከስምንቱ ክፉ ሐሳቦች መጀመሪያ ያስቀመጠው ሆዳምነትን ነው። የሚገርመው፣ ሐሳቡ ለመነኩሴው የሚያሳየው ጥብስ አይደለም። ጨጓራህ ይታመማል፣ ጉበትህ ያልቃል፣ ሐኪምም የለም እያለ ያስፈራራዋል። «ትንሽ ካልቀመስኩ ጨጓራዬ ይነሳብኛል» ያለ ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የተራቡ ተማሪዎችን ትኩስ ብስኩት በሚሸት ክፍል አስቀመጡ። ከፊሎቹ ብስኩቱን ትተው ራዲሽ የሚባለውን ሥራሥር አትክልት ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ። ቀጥሎ መልስ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ራዲሽ የበሉት በ8 ደቂቃ ገደማ ሲተዉት ሌሎቹ ወደ 19 ደቂቃ ቆዩ። ፈቃድ እንደ ጡንቻ ይደክማል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን 23 ላቦራቶሪዎች ሐሳቡን በሌላ ፈተና ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ ሞከሩት። የታየው የድካም ውጤት ዜሮ አካባቢ ሆነ።

ፈላስፋው ሪቻርድ ሆልተን እ.ኤ.አ. በ1999 ነገሩን አዞረው። ደካማ ፈቃድ ማለት የቆረጡትን በቀላሉ መተው ነው አለ። ይህ ለጿሚ አዲስ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያልፍ ሰው በየቀኑ ከራሱ ጋር አይሟገትም፤ ነገሩ ገና በዋዜማው ተቆርጧል። ጾም በሌለበት ቀን ግን «በሞቴ!» የምትል አክስት ጉርሻ ይዛ ከአፍዎ ሥር ስትደርስ የትኛው ውሳኔ ይቆማል? እዚያ የተሸነፈውን ደካማ ለማለት አፌ አይደፍርም።

አሁን ደግሞ በሳምንት አንዴ የሚወጋ መርፌ መጥቷል። ሴማግሉታይድ የተባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 ለክብደት ቅነሳ በአሜሪካ ተፈቀደ። ብዙ ተጠቃሚዎች ጭንቅላታቸው ውስጥ ስለ ምግብ የሚጮኸው ድምፅ ጸጥ እንዳለ ይናገራሉ። አልታገሉም፣ ስለዚህ ራሳቸውን ገዙ አይባልም። ልከኛም እንዳይባሉ፣ የአሪስቶትል ልከኛ ምኞቱን የሚገራው በዓመታት ልምድ ነው። ከአራቱ ሰዎቹ መካከል ለእነሱ የሚሆን ወንበር የለም።