«ራይት ፕሮቴክትድ» ምንድን ነው? ፎርማት አድርጉት ከማለታችሁ በፊት

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፍላሼ ራይት ፕሮቴክትድ ነው ይለኛል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ወዲያው ከተፍ አለ፦ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት አድርገው።» ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ወንድሜ፣ ፎርማት ማድረግ ራሱ መጻፍ ነው። አዲስ የፋይል ሰንጠረዥ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። «አልጽፍም» ያለን ዕቃ ጻፍ ብሎ መምከር ምን የሚሉት ምክር ነው? ፎርማቱም ያንኑ መልእክት ይዞ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ከተሳካ ደግሞ ይባስ፤ የልጆቹን ፎቶ ይዞበት ይሄዳል።

ቃሉ የሚለው ይነበባል፣ አይጻፍበትም ብቻ ነው። ማን እንደከለከለ አይናገርም።

ፍላሽን እንደ መዝገብ ቤት ቁጠሩት። ውስጡ ኮንትሮለር የሚባል መዝገብ ያዥ አለ። ገጾቹ ሲጻፉ ሲፋቁ ይሳሳሉ፤ አንዱ ሲቀደድ መዝገብ ያዡ ከመጠባበቂያው በዝምታ ይተካል። መጠባበቂያው ያለቀ ቀን ግን እስክሪብቶውን ይቀማችኋል። «ያለውን አንብቡ፣ ቅዱ፤ አዲስ አልመዘግብም» ይላል። ይህን የሚያደርገው የተጻፈውን ለማትረፍ ነው። እኛ ግን በሩን ልንሰብር እንሄዳለን። (ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያነክሳል፦ ፍላሽ ላይ አንድ ገጽ ብቻውን አይፋቅም፣ የሚፋቀው ብዙ ገጽ የያዘ ሙሉ ብሎክ ነው። ሳያስጠነቅቅ ድንገት የሚሞት መዝገብ ያዥም ሞልቷል።)

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሎቹን ቅዱ። ዛሬውኑ።

ከዚያ ከልካዩን ፈልጉ። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። እዚያ ከጻፈ ጥፋቱ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቅንብር ነው። ቫይረስ ካለበትም ጣጣው እዚያ ነው። ኤስዲ ካርድ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ እዩ። እሷ እኮ ከውስጡ ቺፕ ጋር አትገናኝም፤ አይቶ የሚያከብራት ካርድ አንባቢው ነው። አንባቢው ከተበላሸ ያልተቆለፈውንም ተቆልፏል ይላል።

ዊንዶውስ ላይ ዲስክፓርትን (diskpart፣ ዲስክ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚስተካከልበት ፕሮግራም) ከፍታችሁ፣ ዲስኩን መርጣችሁ «አትሪቢውትስ ዲስክ» (attributes disk) በሉት። ሁለት መስመሮችን አነጻጽሩ፦ «ከረንት ሪድ ኦንሊ ስቴት» እና «ሪድ ኦንሊ»። ሁለተኛው «የስ» ካለ የከለከለው ዊንዶውስ ነው፤ «አትሪቢውትስ ዲስክ ክሊር ሪድኦንሊ» (attributes disk clear readonly) ይፈታዋል። ሁለተኛው «ኖ» ብሎ የመጀመሪያው «የስ» ካለ ግን ክልከላው የመጣው ከታች፣ ከዕቃው ነው። «ትእዛዙ ተሳካ አለኝ፣ ፍላሹ ግን ያው ነው» የሚሉት ብዙዎቹ ይህችን መስመር ያላዩ ናቸው። የዲስኩን ቁጥር ደግሞ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ ዲስክፓርት አይምርም።

ከዚህ ጋር የማይገናኙም አብረው ይጠራሉ። ማክ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀን ዲስክ ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም፤ ዲስኩ ጤነኛ ነው። ፋት 32 የሚባለው አደረጃጀት ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚያንስ ፋይል ብቻ ይቀበላል፤ ይህም ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። መጻፍ ጀምሮ መሃል ላይ የሚያቋርጥ ከሆነ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ 500 ሚሊአምፒር፣ 3.0 ደግሞ 900 ይሰጣል፤ የሚሽከረከር ዲስክ ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው የስማርት ሪፖርት ላይ በመለያ ቁጥር 199 የተመዘገበው እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ ከማቀፊያው ጋር የሚገናኝበትን ጠርጥሩ፣ የ197ቱ ከጨመረ ዲስኩን። አንዳንድ የዲስክ ማቀፊያ ግን ሪፖርቱን ጭራሽ አያሳልፍም።

ወደ ፍላሹ ስንመለስ፣ «እኔ እኮ በፋብሪካ ፕሮግራም (ኮንትሮለሩን እንደ አዲስ በሚያዘጋጀው) ከፍቼዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ይከፈታል፣ አዎ። መዝገብ ያዡ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ሥራ ይጀምራል። የሳሱት ገጾች ግን እነዚያው ናቸው። እኔ እንዲህ የተከፈተ ፍላሽ ላይ ዘፈን እንኳ አልጭንም።